ደግነት ለቤት፣ ዕውቀት ለትምህርት ቤት?

ሰሞኑን በመምህራንና በወላጆች የቴሌግራም ግሩፖች ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደርሶኛል፤ ግማሹ «እውነቱን ነው» ብሎ፣ ግማሹ ደግሞ «አንተ የቡድን ሥራ ወዳጅ፣ እስቲ መልስ» ብሎ ነው የላከልኝ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር፣ ትምህርት ቤቶች ደግነትና መተጋገዝ እናስተምራለን ማለታቸውን ትተው ወደ ሒሳቡና ወደ ሳይንሱ ይመለሱ የሚል ነው። ጸሐፊው ጠመኔ የያዙ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ቁጣቸውም የመጣው ለልጆች ከማሰብ ነው፤ ስድብ የለበትም። በዚህ ዘመን ይህ ራሱ ምስጋና ይገባዋል።

ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ደግነት ከቤት የሚወጣ ነገር ነው፣ ቤት ያላሳደገውን ልጅ መምህር አያሳድገውም ይላሉ። የ12ኛ ክፍል ውጤት እዚህ በደረሰበት ጊዜ ለግብረ ገብና ለቡድን ጨዋታ የሚባክን ደቂቃ የለንም ይላሉ። የቡድን ሥራ ጎበዙን አድክሞ ሰነፉን የሚያሳርፍ ነው፣ ለዚህም አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎች አምስቱን ይመራበት የነበረው 1 ለ 5 አደረጃጀት ምስክር ነው ይላሉ። ዓለም ውድድር ነው፣ ፈተናም ለብቻ የሚቀመጡበት ነው፤ «ደግ ሁን» እየተባለ ያደገ ልጅ ወይ አስኮራጅ ወይ ተበዪ ሆኖ ይቀራል ይላሉ። ድሬዳዋን ፍቅር ላስተምር ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው የሚልም አለበት። በመጨረሻ፣ በኮከብና በሽልማት የተገዛ ደግነት አስመሳይነት ነው ብለው ይዘጋሉ።

በዚህ በመጨረሻው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ሌሎቹም ውስጥ እውነት ያለበት አለ። ስሕተቱ ያለው ከመነሻው ነው። ጸሐፊው ክፍል ዕውቀት ብቻ ሲሰጥበት የኖረ ቦታ ነው፣ አሁን ደግነት የሚባል ነገር ከውጭ ሊጫንበት ነው ብለው ያስባሉ። ክፍል ግን ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ሳያስተምር የዋለበት ቀን የለም። ሞኒተሩ ሰሌዳ ላይ የረባሾችን ስም ሲጽፍና የጓደኛውን ስም በዝምታ ሲያልፍ ያስተምራል። ካርድ ላይ «ከ60 ተማሪ 47ኛ» ተብሎ ሲጻፍ ያስተምራል። ልጅ መልመጃ ሲሠራ በክንዱ ደብተሩን ከልሎ መሥራት ሲለምድ ያስተምራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ በትልልቁ የተጻፈበት ግድግዳ ከጀርባው ያለው ክፍል ውስጥ፣ ጎረቤቱን ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ተነስቶ እንዲቆም ይደረጋል። ልጁ የሚያምነው ግድግዳውን ሳይሆን የቆመበትን ነው። ስለዚህ ክርክሩ እናስተምር ወይስ አናስተምር የሚል ሊሆን አይችልም። አቀማመጡ፣ አጠያየቁና ማርክ አሰጣጡ ምን እያስተማረ ነው የሚል ነው።

ከ1 ለ 5 ልጀምር፤ ብዙ ሰው ጽሑፉን ያጋራው ለእሱ ሲል ይመስለኛል። ነገሩን ያየ ሁሉ ጸሐፊው ያሉትን ያውቀዋል። አንድ ጎበዝ ተማሪ መሪ ይሆናል፣ ሌሎች ከሥሩ ይመደባሉ፣ ቅጽ ይሞላል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። አሳይመንት ሲመጣ አንዷ ልጅ ቤቷ ወስዳ አምሽታ ትጨርሰዋለች፤ የቀሩት ድርሻ ስማቸው በትክክል መጻፉን ማረጋገጥ ነው። ከፍ ያለ ክፍል ከሆነ ደግሞ «እኔ ፕሪንት አስደርጋለሁ» የሚል ጀግና አይጠፋም። ማርኩ ለሁሉም እኩል ነው። ልጅቷ ከዚህ የምትማረው መበላትን ነው፤ ሌሎቹ የሚማሩት ደግሞ በሰው ላብ ማለፍን። እስከዚህ ድረስ እኔና ጸሐፊው አንድ ነን።

ግን ይህ የሚያሳየው ምኑን ነው? ሥራው ሳይከፋፈል ማርኩ ሲከፋፈል የሚሆነውን ነው። መተጋገዝ ራሱ የማይረባ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በቡድን ትምህርት ላይ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊው ሮበርት ስላቪን የደረሱበት ነገር ግልጽ ነው፤ የቡድን ሥራ ውጤት የሚያሻሽለው ቡድኑ የጋራ ግብ ሲኖረውና እያንዳንዱ ልጅ ስለ ራሱ መማር ተጠያቂ ሲሆን ነው። ሁለቱ አብረው መገኘት አለባቸው። የ1 ለ 5 የጋራ ግብ ወረቀት ማስገባት ነበር፤ የግል ተጠያቂነት ደግሞ ጭራሽ አልነበረውም። ላዩ ላይ የፖለቲካ አደረጃጀት መልክ ስለነበረበት መምህሩም ተማሪውም ቅጽ ለመሙላት ብቻ ነበር የሚቀመጠው። እንዲህ ያለውን ነገር ይዞ «መተጋገዝ ተሞክሮ ከሽፏል» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በትክክል የተሞከረው ምን እንደሚመስል ለማየት እ.ኤ.አ. ወደ 1971 ኦስቲን፣ ቴክሳስ እንሂድ። ነጭ፣ ጥቁርና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍል የገቡበት ጊዜ ነበር፤ ግቢው ጠብ በጠብ ሆነ። የሥነ ልቡና ምሁሩ ኤሊዮት አሮንሰን ሲጠሩ ክፍል ገብተው ያዩት እጅ የሚያወጣ፣ የሚሽቀዳደምና ሌላው ሲሳሳት ደስ የሚለው ልጅ ነው። ያደረጉት ስለ ፍቅር መስበክ አልነበረም። ትምህርቱን ቆራረጡት። ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ ቁራጭ ብቻ ሰጡ፤ ሙሉውን ለማወቅ ሌሎቹን መስማት የግድ ሆነ። ከዚያ ፈተናው ለየብቻ፣ በሙሉው ትምህርት ላይ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተሞክሯል፤ በሁሉም ቦታ እኩል ውጤት አላመጣም፣ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ጸሐፊው የሚፈሩት «አንዷ ሠርታ ስድስቱ የሚያልፉበት» መንገድ እዚህ ላይ ተዘግቷል።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ ይቀመጣል፤ የፊተኞቹ ዞረው ሲቀመጡ ስድስት ይሆናሉ። ወንበር ማንቀሳቀስ፣ ክፍል ማስፋት፣ በጀት መጠየቅ የለም። ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፈው ስለ ደቻቱ ወንዝ ስናስተምር ትምህርቱን ስድስት ቦታ ቆርጬዋለሁ። አንዱ ወረቀት ከደንገጎ በላይ ባለው ደጋ ስለሚዘንበው ዝናብ ነው። ሌላው ዛፉ ስለተመነጠረ ተዳፋት፣ ሌላው ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ስለሚከርመው አሸዋ፣ ሌላው ወንዙ ዳር ስላለው ሰፈርና ገበያ። አምስተኛው በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ስለጨረሰው ጎርፍ ነው። ስድስተኛው ስለ ማስጠንቀቂያ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደቻቱ እንዴት ሊሞላ ይችላል? በአንድ ወረቀት ብቻ አይመለስም።

አሸዋው የደረሰው ልጅ ቤቱ የሚናገረው ሶማሊኛ ነው፤ አማርኛው ይሰናከላል። በተለመደው ክፍለ ጊዜ እሱ እስኪጨርስ የሚጠብቅ የለም፣ እኔንም ጨምሮ፤ ደወል አለ። እዚያ ቡድን ውስጥ ደግሞ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ያደረገችው ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ማንበብ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ የቀረውን እሱ ቀድሞ፣ ከየቡድኑ የአሸዋው ወረቀት ከደረሳቸው ልጆች ጋር ተቀምጦ ነው ያወራው። ተናዳ መለሰችለትና መጠየቅ ጀመረች። «አሸዋው ውሃ አይመጥም እንዴ?» አለችው። «መጀመሪያ ይመጣል… ይመጣል፣ ይጠጣል። ከዚያ ይጠግባል፣ ከዚያ እምቢ» አላት፣ በእጁ ጭምር። ወንድሙ ደቻቱ ውስጥ አሸዋ የሚጭን ነው፤ ጎርፍ ካለፈ በኋላ አዲስ አሸዋ የት እንደሚተኛ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ሁሉ ነገራት። በማግስቱ ለየብቻ ተፈተኑ። ልጅቷ ሙሉ አገኘች፤ ድሮም ታገኝ ነበር። እሱ ከወትሮው የተሻለ አገኘ። በሌላው ጥግ ያለ ቡድን ግን አንዱ ልጅ አልናገርም ብሎ ሁሉንም አንድ ጥያቄ አስጥሏቸዋል፤ ጫጫታውም የጎረቤት ክፍል መምህርን በር አስንኳኩቷል። ተአምር ነው አላልኩም።

ጸሐፊው «የጎበዙ መብትስ?» ብለው የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። ከእሳቸው በፊት የጠየቀኝ አንድ አባት አለ። በር ላይ ጠብቆ «አቦ ቲቸር፣ ደሞዙን የምትበላው አንተ፣ የምታስተምረው የኔ ልጅ!» አለኝ። ሳቅኩ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ አንድ ነገር ለመንኩት፦ ማታ ልጅህን፣ ግማሽ ለሩብ ሲካፈል ለምን 2 እንደሚሆን ለታናሽዋ ታስረዳው በላት። ልጅቷ «ገልብጠህ አባዛ» የሚለውን ሕግ አብጠርጥራ ታውቃለች፣ ተሳስታም አታውቅም። ለምን ተብላ ስትጠየቅ ግን የላትም። ግማሽ ዳቦ ውስጥ ስንት ሩብ አለ የሚለው ላይ የምትደርሰው የማያውቅ ሰው ፊቷ ተቀምጦ «አልገባኝም» ሲላት ነው። ኖሪን ዌብ የተባሉት ተመራማሪ በቡድን ሥራ ላይ ደጋግመው ያዩትም ይህንን ነው፤ መልሱን ብቻ ወርወር ያደረገ ተማሪ ብዙም አይጠቀምም፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ ያስረዳ ግን ራሱ ይጠቀማል። አባትየው አልተስማማም። ልጄን ከቡድን አውጣልኝ ማለቱን ግን ተወ።

ወደ ኩረጃው ልምጣ፤ በእኔ ግምት የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ይህ ነው። በእኛ ክፍሎች ውስጥ «ደግ» የሚለው ስም የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለሚያስኮርጅ ልጅ ነው። የከለለ ስስታም ይባላል፤ ከግቢ ውጭም የሚጠብቀው አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተወሰደው በኩረጃና በስርቆት ምክንያት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጸሐፊው ደግነት ሲባል ኩረጃ ትዝ ቢላቸው አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። እኒያ በፈተና ቀን እንዲያ የሚተጋገዙ ልጆች፣ በዓመቱ ውስጥ መቼ ነው እንዲተጋገዙ የተፈቀደላቸው? ከመስከረም እስከ ሰኔ ጎረቤትን መጠየቅ ወሬ ነው፣ ወሬ ደግሞ ቅጣት ነው። ክፍልፋዩ ያልገባው ልጅ በጥቅምት ሳይገባው፣ በጥር ሳይገባው፣ እስከ ሰኔ ይደርሳል። ጎረቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቅመው ያን ቀን ነው። መተጋገዙን ከትምህርቱ ጊዜ ስናባርረው አልጠፋም፤ ሄዶ ፈተናው ውስጥ ተቀመጠ። ለልጆች «እዚህ ላይ ተጋገዙ፣ እዚህ ላይ ደግሞ እያንዳንድህ ለብቻህ» ብሎ መስመሩን ማሳየት የመምህር ሥራ ነው፤ መስመሩ የሚታየው ደግሞ ሁለቱንም ሲያደርጉ ነው። ሰኞ ያስረዳህን ልጅ ማክሰኞ ፈተና ላይ ብትጠይቀው «ትናንት ነግሬህ የለም?» ይልሃል። ይህ ስስት አይባልም። እሱም ያውቀዋል፣ አንተም ታውቀዋለህ።

«ዓለም ውድድር ነው» የሚለውን ደግሞ እዚሁ ድሬ ላይ እንፈትነው፤ ከእኛ በላይ የንግድ ከተማ ማን አለ? ታይዋን የሚባለው ገበያችን ሄዶ ጫማ የገዛ ሰው ያውቀዋል። ቁጥር 41 ትጠይቃለህ፣ ነጋዴው የለውም። «የለም» አይልህም። «ቁጭ በል» ይልሃል። ልጁን በዓይኑ ይጠቅሰዋል፣ ልጁ እብስ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ 41 ቁጥሩን ይዞ ይመጣል፤ ያመጣው ከተፎካካሪው ሱቅ ነው። ሒሳቡን ማታ ይተሳሰባሉ። ጠዋት ደግሞ ደንበኛ ይሻማሉ። ተወዳድሮ መሸጥና ተማምኖ ዕቃ መዋዋስ አንድ ሰው ላይ የሚኖሩ ችሎታዎች ናቸው፤ ዕቁቡም፣ ዱቤውም የቆመው በዚህ ላይ ነው። ደብተሩን በክንዱ መከለል ብቻ የተማረ ልጅ እዚያ ገበያ ውስጥ ወር አይቆይም። የሚበላውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም መቼ ማመን፣ መቼ መጠርጠር እንዳለበት የሚለማመድበት ቦታ አላገኘም። የዋህነት የሚመጣው ከዚህ ልምድ ማጣት ነው።

የጊዜው ጉዳይ። ቁጥሮቹን ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰዋል፦ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ያስደነግጣል። ግን እነዚህ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማሩት እንዴት ነው? መምህር ይጽፋል፣ ተማሪ ይገለብጣል፤ አንደኛ የወጣው ይሸለማል፣ የቀረው ያጨበጭባል። በቡድን ሥራና በደግነት ተዘናግተው የወደቁ ይመስል ነው የሚጻፈው። በተሄደበት መንገድ የመጣን ውጤት ባልተሄደበት መንገድ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ሒሳብ እንሥራ ከተባለም እንሥራ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ተማሪው 60። ስም መጥራት፣ ሰሌዳ ማጥፋት ሳይቀነስ፣ እያንዳንዱን ላነጋግር ብል ለአንድ ልጅ 40 ሰከንድ ይደርሰዋል። ልጆቹ እርስ በርስ ሲያስረዱ ግን በአንድ ጊዜ አሥር ቦታ ላይ ትምህርት እየተሰጠ ነው። ግንቦት ላይ በከሰዓት ፈረቃ ድሬ ውስጥ ያስተማረ መምህር፣ ቆርቆሮው ሲንቀለቀል 40 ደቂቃ ሙሉ መምህር ያወራበት ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ነቅቶ እንደሚያደምጥ ያውቀዋል። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ዱርላክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት፣ ስሜትን መግዛትና ከሰው ጋር መሥራትን የሚያስተምሩ 213 ፕሮግራሞችን ሰብስቦ፣ ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎችን አይቷል። በፕሮግራሞቹ ውስጥ ያለፉት በትምህርት ውጤታቸው፣ ከመቶ ተማሪ መካከል በሚይዙት ደረጃ ሲለካ፣ ከሌሎቹ በ11 ደረጃ በልጠው ተገኝተዋል። በአብዛኛው የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ የክፍላቸው ስፋት የእኛ አይደለም፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ቀድቼ ድሬ ላይ አልለጥፍም። «ከዕውቀቱ ይቀንሳል» ለሚለው ፍርሃት ግን በቂ መልስ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተወው አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። ትምህርቱ «ደግነት ምን ማለት ነው? አምስት የደግነት ጥቅሞችን ዘርዝር» ከሆነ ጊዜ ማባከን ነው ያሉት ትክክል ነው። አምስቱንም ዘርዝሮ አሥር ከአሥር ያገኘ ልጅ፣ እዚያው ፈተና ላይ ላጲስ ሲለመን ሲነፍግ አይቻለሁ። እንዲያ ከሆነ ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ ይውሰዱት፣ አልከራከርም። የእኔ ክርክር በሒሳቡ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ስለሚሆነው ነው።

«ደግነት የቤት ነው» ለሚለው ብዙ አልልም። ቤት ይጀምረዋል። ግን ቤት ውስጥ ያሉት ልጁን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ የመውደድ ግዴታ የሌለባቸውን ስልሳ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ክፍል ገብቶ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ደግሞ አባቶቻችን ራሳቸው ደግነትን ለቤት አስተዳደግ ብቻ ትተውት ያውቃሉ? እድር ምንድን ነው? ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ይቀጣል። ድንኳን ማን እንደሚተክል፣ ውሃ ማን እንደሚቀዳ፣ ለቅሶ ማን እንደሚያድር ተራ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ሐረር ያለው አፎቻም ሠርግና ሐዘን ሲመጣ አባል አባሉን የሚደግፍበት የተደራጀ ነገር ነው። ሰዎቹ ደጎች ስላልሆኑ አይደለም። ደግነት ሥርዓት ካልተሠራለት በጥቂት ሰዎች ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ፣ ልክ እንደ 1 ለ 5ቷ ልጅ፣ ስለገባቸው ነው። ይህንን የሚያውቅ ማኅበረሰብ ልጆቹን «ቤት ነግረንሃል፣ በቃ» ብሎ ክፍል ሲልክ ይገርመኛል።

ድሬን በተመለከተ ያሉት ደስ ይላል፤ እኔም የድሬ ልጅ ስባል ደረቴ ይነፋል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ ጀምሮ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ አብሮ የኖረባት ከተማ ናት። ግን በ2011 ዓ.ም. ከሰፈር ሰፈር ድንጋይ የተወራወሩት ወጣቶችም የድሬ ልጆች ነበሩ፤ ፍቅሩ በደም ቢተላለፍ ኖሮ ለእነሱም ይደርሳቸው ነበር። ዛሬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል፤ መብት ነው፣ ጥሩም ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው በተለያየ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ግን ሰልፍ ላይ ተያይተው፣ እረፍት ላይ ለየብቻቸው ኳስ ተጫውተው ዓመቱን ሊጨርሱ ይችላሉ። የሥነ ልቡና ምሁሩ ጎርደን አልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፉት መተያየት ብቻውን አያቀራርብም፤ እኩል ሆነው፣ ለአንድ ዓላማ፣ ተጋግዘው፣ በኃላፊዎቹ ድጋፍ ሲሠሩ ነው። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ በሦስቱም ቋንቋ አንድ ዝግጅት እንዲያቀርብ ቢደረግ፣ ልጆቹ ተቀምጠው መተርጎምና መስማማት ይኖርባቸዋል። ከስብከት ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

የቀረው የኮከቡ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ሠንጠረዥ ለጥፈው፣ ደግ ሥራ ለሠራ ልጅ ኮከብ ይሰጣሉ፤ ኮከብ የሞላለት ከረሜላ ያገኛል። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ቫርኔከንና ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት የ20 ወር ሕፃናትን አይተዋል። የወደቀ ዕቃ ሲያነሱ አሻንጉሊት የተሸለሙት፣ ሽልማቱ ሲቋረጥ ከሌሎቹ ያነሰ ረዱ። ምንም ያልተሰጣቸው ግን መርዳታቸውን ቀጠሉ። ልጅ መጀመሪያውኑ የመርዳት ፍላጎት አለው፤ ዋጋ ስንለጥፍበት ንግድ ይሆንበታል። እድር ያልመጣውን ይቀጣል እንጂ ለመጣው ከረሜላ አያድልም።

ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ይቅር» ይላሉ። መቅረት ያለበት ሠንጠረዡ ነው። ለቡድን አሳይመንት የሚሰጠው የጅምላ ማርክም አብሮት ይቅር፤ ይህን ለማድረግ ከዳይሬክተር ፈቃድ በላይ አያስፈልግም። በእኔ ክፍል ማንም ለደግነቱ ኮከብ አያገኝም። አንድ ልጅ ሲቀር ግን፣ የእሱ ወረቀት ስለሚጎድላቸውና ነገ የሚፈተኑት ለየብቻ ስለሆነ፣ ከቡድኑ አንዱ ሳቢያን ሰፈር ድረስም ቢሆን ቤቱ ሄዶ «ምን ሆነህ ነው የቀረኸው?» ይለዋል። መጀመሪያ የሚሄዱት ለወረቀቱ ብለው ነው፤ ይህንን አውቃለሁ፣ አይከፋኝም። ታሞ ካገኙት ደግሞ ደብተራቸውን ትተውለት ይመጣሉ፤ ይህንን እኔ አላዘዝኩም።